በቦይ የተቆረጠች ደሴት፦ የአላሜዳ ታሪክና የቤት ጥያቄ

እንደምታውቁት በዚህ ገጽ አዘውትሬ የምጽፈው ስለ አገራችን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ሰላጤ ዳርቻ ስላለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላወጋችሁ እወዳለሁ። ስሟ አላሜዳ ይባላል። ጉዳዩ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ መጨረሻው ወደ ራሳችን ቤት ይመልሰናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከኦክላንድ መሐል ከተማ ተነሥቶ ከውኃ በታች በተሠራው በዌብስተር ዋሻ በኩል የሚሻገር ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ዓለም ውስጥ የገባ ይመስለዋል። የመንገዱ ግርግር ይበርዳል፤ በአብዛኛው ጎዳና የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 25 ማይል ብቻ ነው። ዛፎቹ ያረጁ፣ ቤቶቹ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእንጨት የተሠሩና ጌጠኛ ናቸው። በኦክላንድ ለብዙ ዓመታት የኖረ አንድ ወዳጄ በዚያ መንገድ ይዞኝ ሲሄድ፣ «ዶክተር፣ ይህች ደሴት ድሮም እንዲህ ጸጥ ያለች ነበረች። ውኃ ከበባት፤ ተፈጥሮ ነው የለያት» አለኝ። በዚች ደሴት ቤት ለመከራየት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ዋጋው እንዳልቻለው የነገረኝም እርሱ ነው።

ይህች «ድሮም» የምትባል ቃል የታሪክ መምህር ጆሮ ሳትኮረኩር አታልፍም። በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም ዘመን፣ አንድ ሥርዓት ከሰው እጅ የወጣ መሆኑ የሚረሳው ሰዎች «ድሮም እንዲህ ነበር» ማለት ሲጀምሩ ነውና። እስቲ «ተፈጥሮ ነው የለያት» የተባለውን ከመጀመሪያው እንመርምረው።

ደሴቲቱ እንዴት ደሴት ሆነች?

አላሜዳ ከ1902 በፊት ደሴት አልነበረችም። ከኦክላንድ ጋር በየብስ የተያያዘች፣ በባሕር ዛጎልና በወፍ የበለጸገች፣ በኦክ ዛፍ ደን የተሸፈነች የመሬት ምላስ ነበረች። ለሺህ ዓመታት የኖሩባት የኦሎኒ ሕዝቦች ናቸው። ሙታናቸውን የቀበሩበትና የዛጎል ቅሪት ለዘመናት የተከመረበት ጉብታ ርዝመቱ 400 ጫማ፣ ስፋቱ 150 ጫማ፣ ከፍታው 14 ጫማ እንደነበረ በዚያው አካባቢ የቆመው የመታሰቢያ ጽሑፍ ይናገራል። ጉብታው በ1908 ሲናድ የ450 ሰዎች አፅም ተገኘ። የጉብታው ዐፈር መንገድ ማንጠፊያ ሆነ። ጉብታው የነበረበት ጎዳና እስከ ዛሬ የሚጠራው በእንግሊዝኛ «ጉብታ» በሚል ስም ነው። ስሙ ቀረ፤ ጉብታው የለም።

ከኦሎኒዎች በኋላ መሬቱ በስፔን ንጉሥ ስም በ1820 ለሉዊስ ማሪያ ፔራልታ የተሰጠው ሰፊ ርስት አካል ሆነ። ካሊፎርኒያ በአሜሪካ እጅ ከገባች በኋላ በ1851 ሁለት አሜሪካውያን ምላሱን በ14,000 ዶላር ገዙት፤ በ1854ም የአላሜዳ ከተማ በሕግ ተቋቋመች። መስከረም 6 ቀን 1869 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የምድር ባቡር ወደ ባሕር ሰላጤው ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው በዚችው በአላሜዳ በኩል ነበር። ይሁን እንጂ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የባቡሩ መዳረሻ ወደ ኦክላንድ ተዛወረ። የሁለቱ ጎረቤታሞች ዕጣ መለየት የጀመረው ያን ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል፤ ኦክላንድ የወደብ፣ የፋብሪካና የላብ አደር ከተማ፣ አላሜዳ ደግሞ ሀብታም ነጋዴዎች ቤት የሚሠሩባት የከተማ ዳርቻ ሆኑ።

ቦዩም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የኦክላንድ ወደብ በደለል እየተሞላ መርከቦች ተቸገሩ። መሐንዲሶች ያመጡት መፍትሔ የአላሜዳን አንገት ቆርጦ የባሕሩ ሞገድ ወደቡን እያጠበ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር። ሥራው በአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች አመራር ከሃያ ዓመት በላይ ከተጓተተ በኋላ በ1902 ተጠናቀቀ። ልብ በሉ፤ ደሴቲቱ ደሴት የሆነችው የጎረቤቷን ወደብ ለማጽዳት ሲባል ነው። ወዳጄ «ተፈጥሮ ነው የለያት» ያለው ውኃ በመንግሥት ገንዘብ የተቆፈረ ቦይ ነው።

ከመዝናኛ ዳርቻ ወደ ጦር ሰፈር

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ከ1917 እስከ 1939 ድረስ ኔፕቱን ቢች የሚባል ትልቅ የመዋኛና የመዝናኛ ሥፍራ በበጋ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይስብ ነበር። በ1928 የመጀመሪያው የውኃ ሥር መተላለፊያ፣ የፖዚ ዋሻ፣ ተከፈተ። በ1935 «ቻይና ክሊፐር» የተባለው የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ፖስታ ጭኖ የፓስፊክን ውቅያኖስ ለመሻገር የተነሣው ከዚችው ደሴት ነው። በ1936 ሳን ፍራንሲስኮን ከኦክላንድ የሚያገናኘው ታላቅ ድልድይ ሲከፈትና መኪና ሲበዛ ሰው ለመዝናናት ራቅ ወዳለ ሥፍራ መሄድ ጀመረ፤ ኔፕቱን ቢችም ተዘጋ።

ደሴቲቱን ከሥር ከመሠረቷ የለወጣት ግን ጦርነቱ ነው። በኅዳር 1940 የባሕር ኃይሉ የአየር ጣቢያ በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ፣ አብዛኛውን ከባሕር በተሞላ መሬት ላይ፣ ሥራ ጀመረ። በሚያዝያ 1942 ኮሎኔል ዱሊትል ቶኪዮን የደበደቡባቸው 16 አውሮፕላኖች ሆርኔት በተባለችው መርከብ ላይ የተጫኑት እዚሁ ነበር። የመርከብ ግንባታ ሠራተኛ፣ መካኒክና ወታደር ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በ1940 ከ36,000 ጥቂት ይበልጥ የነበረው የነዋሪው ቁጥር በ1950 ከ64,000 አለፈ።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲገባ አንድ ማኅበረሰብ ግን እንዲወጣ ተደረገ። በአላሜዳ ጃፓናውያን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይኖሩ ነበር፤ የቡድሂስት ቤተ መቅደስና የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው፤ ሱቅና የአበባ ችግኝ ጣቢያም ነበራቸው። በጦር ሰፈሩ ቅርበት ምክንያት በየካቲት 1942 የጃፓን ዜግነት ያላቸው የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከሌላው ሥፍራ ቀድመው እንዲለቁ ታዘዙ። ቀጥሎም እዚያው አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻቸው ሳይቀሩ ተነቀሉ። የባሕር ሰላጤው ጃፓናውያን ታንፎራን በሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ አንዳንዶቹ በፈረስ ጋጣ ውስጥ፣ ለወራት ከታጎሩ በኋላ አብዛኞቹ በዩታ በረሃ ወደሚገኘው የቶፓዝ ካምፕ ተጋዙ። ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱት ሕይወትን እንደ አዲስ ጀመሩ።

ከቴክሳስ፣ ከሉዊዚያናና ከሌሎች የደቡብ ግዛቶች ለጦርነቱ ሥራ የመጡት ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በምዕራቡ ጫፍ መንግሥት ባቆማቸው ጊዜያዊ ቤቶች ውስጥ ሰፈሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ «ጊዜያዊ» የተባለው ቤት መፍረስ ጀመረ። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ወዴት ይሂዱ? በሌላው ሰፈር ለጥቁር የሚያከራይ ማግኘት ከባድ ነበር። በ1960ዎቹ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ሲፈርሱ ተከራዮቹ ተደራጅተው ተቃወሙ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ተሻግረው ወደ ኦክላንድ ሄዱ። በ1964 የካሊፎርኒያ መራጮች በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ሕግ በሕዝበ ውሳኔ በከፍተኛ ድምፅ መሻራቸውን ስናስታውስ ዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር እንረዳለን። ያን ውሳኔ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብለው ሰረዙት።

የ1973ቱ ድምፅ

አሁን ወደ ነገሬ ዋና ጉዳይ ደረስኩ። በ1950ዎቹ የደሴቲቱ ደቡባዊ ዳርቻ በአሸዋ ተሞልቶ አዲስ ሰፈርና የገበያ ማዕከል ተሠራበት። ቤታቸው ባሕር ዳር የነበረ ሰዎች አንድ ቀን ሲነቁ ባሕሩ ከደጃቸው ርቆ ሄዷል። በዚያው ዘመን አልሚዎች አሮጌዎቹን ጌጠኛ የእንጨት ቤቶች እየገዙ በማፍረስ በምትካቸው ሣጥን የመሰሉ አፓርታማዎች ይሠሩ ጀመር። በአጎራባቹ በቤይ ፋርም ደሴት ደግሞ ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ ሌላ ሰፊ የቤቶች ዕቅድ ይመጣ ነበር። የነዋሪው ቁጣ ተገቢ መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም። ያማረ ቤት ፈርሶ መልክ የሌለው ሕንፃ ሲቆም ያየ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ቁጣው ግን በመጋቢት 1973 ሕግ ሆኖ ወጣ። «ሜዠር ኤ» የተባለው የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ አሮጌ ቤት አይፍረስ አላለም። ያለው ይህን ነው፦ በአላሜዳ ከተማ ባለ ብዙ ቤተሰብ መኖሪያ አይሠራም። ይህም በተግባር ከሁለት ቤተሰብ በላይ የሚያኖር ሕንፃ መሥራት ክልክል ነው ማለት ሆነ። የተተወለት ክፍተት የነበሩ ርካሽ ቤቶችን መተካትና ለአረጋውያን የታሰበ አንድ ሕንፃ ነበር። ውሳኔው ተራ ደንብ ሳይሆን የከተማው ቻርተር አንቀጽ ስለሆነ ምክር ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊያነሣው አይችልም፤ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል። በ1991 ደግሞ በሌላ ሕዝበ ውሳኔ ለአንድ መኖሪያ ቤት ቢያንስ 2,000 ስኩዌር ጫማ መሬት ይኑር የሚል ተጨመረበት።

ውድ አንባቢያን፣ ሕጉ ስለ ዘር አንዲት ቃል አይናገርም። ጥቁር አይግባ አይልም፤ ድኻ አይግባም አይልም። በ1973 ድምፅ የሰጡትን ሁሉ በዘረኝነት መክሰስም ፍትሐዊ አይሆንም፤ ብዙዎቹ የፈለጉት የሚወዱትን መንገድ ማዳን ነበር። ዳሩ ግን የሕግ ፍሬ የሚለካው በአውጪዎቹ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለው ኢኮኖሚ በፍጥነት እያደገ፣ የሲሊከን ቫሊ ገንዘብ የመሬቱን ዋጋ ወደ ሰማይ እየሰቀለ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ መሬት ላይ ተካፍሎ የሚኖርበትን ሕንፃ መከልከል ማለት አንድን ቁራሽ መሬት ብቻውን መግዛት የሚችል ብቻ ይግባ ማለት ነው። በዘር የሚለየው ሕግ በፍርድ ቤት ከተሰረዘ ስድስት ዓመት በኋላ ዋጋ ያንኑ ሥራ ያለ ስም መሥራት ቻለ።

የዚህን ሸክም የተሸከሙት ቀድሞ በተሠሩት አፓርታማዎች የሚኖሩ ተከራዮች ናቸው። ከደሴቲቱ ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ተከራይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አዲስ አፓርታማ ስለማይሠራ ያለውን የለቀቀ ሰው በደሴቲቱ ሌላ ለማግኘት ይቸገር ነበር። በ2004 በምዕራቡ ጫፍ ከ600 በላይ ቤቶች የነበሩት አንድ የኪራይ መንደር ለእድሳት ተብሎ በጅምላ እንዲለቀቅ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ፊሊፒኖችና ሌሎች ስደተኞች የሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተበተኑ። ልጆች በትምህርት ዓመቱ መሐል ከትምህርት ቤታቸው ተለዩ። በ1960ዎቹ የሆነው በዚያው ሰፈር ተደገመ።

ጦር ሰፈሩ ከሄደ በኋላ

በ1997 የአየር ጣቢያው ተዘጋ። ከደሴቲቱ ሲሦ ያህሉን ይዞ የነበረው መሬት ባዶ ቀረ። «ይኸው ቦታ ተገኘ» የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን ዐፈሩና የከርሰ ምድሩ ውኃ በነዳጅና በኬሚካል ተበክሎ ስለነበር በ1999 ፌዴራሉ መንግሥት ቅድሚያ ጽዳት ከሚያስፈልጋቸው ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2010 አንድ አልሚ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ለመሥራትና ከሜዠር ኤ ነፃ ለመሆን ያቀረበውን ሐሳብ መራጩ 85 በመቶ በሚሆን ድምፅ ጣለው። የባሕር ኃይሉ አብዛኛውን መሬት ለከተማው ያስረከበው በ2013 ነው። በ2021 አዲስ የጀልባ ጣቢያ ተከፈተ፤ አዳዲስ ሕንፃዎችም መነሣት ጀመሩ።

«ሜዠር ኤ እያለ እንዴት ተሠሩ?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ከውጭ የመጣ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ እያንዳንዱ ከተማ ለቤት ፍላጎት የድርሻውን መሬት እንዲመድብ ያስገድዳል። አላሜዳም ከ2012 ጀምሮ በተወሰኑ ሥፍራዎች የግዛቲቱን ሕግ ከቻርተሩ በላይ አድርጋ አፓርታማ ለመፍቀድ ተገደደች። በኅዳር 2020 አንቀጹን ጨርሶ ለመሰረዝ «ሜዠር ዚ» የሚባል ሐሳብ ለሕዝብ ቀረበ፤ 60 በመቶ ገደማ የሆነው መራጭ እምቢ አለ። ያው ሕዝብ በዚያው ምርጫ ለፍትሕና ለእኩልነት የቆሙ የሚባሉትን ዕጩዎች በታላቅ ብልጫ የመረጠ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ከተማው 5,353 አዳዲስ ቤቶች የሚሠሩበትን ዕቅድ አጸደቀ፤ አንቀጹ ግን ሳይሰረዝ ነው። ተከራዮችም በበኩላቸው ተደራጅተው በ2019 የኪራይ ጭማሪን የሚገድብና ያለ በቂ ምክንያት ማስለቀቅን የሚከለክል ደንብ አስወጥተዋል።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር ማቃለል አይገባም። ከደሴቲቱ መውጫው ጥቂት ድልድዮችና ሁለት ዋሻዎች ብቻ ናቸው፤ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ምን ይሆናል ይላሉ። በሙሊት የተገኘው መሬት ዝቅተኛ ስለሆነ የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር አደጋ ላይ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም አሁን 78,000 ሰው በ27 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ ይኖራል፤ አደጋው ካለ ለነዚህም አለ። ድልድይ ማጠናከርና የባሕር ግድብ መሥራት ለሁሉም መፍትሔ ሲሆን፣ በር መዝጋት ግን ቀድሞ ለገባው ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

ቦዩን የቆፈረው ሰው ነው። ባሕሩን የሞላው ሰው ነው። በ1942 ጎረቤቱን ያስወጣው፣ በ1973 አፓርታማ የከለከለው ሰው ነው። ወዳጄ «ተፈጥሮ» ያለው ጸጥታ የቁፋሮ፣ የትእዛዝና የድምፅ ውጤት ነው። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል፤ ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን መዝገቡ ስለሚያሳይ ነው። በ1867 የተከፈተውና በፕሬዚዳንት ጃክሰን ስም ይጠራ የነበረው የከተማዋ ጥንታዊ መናፈሻ በ2021 በኦሎኒዎቹ ቋንቋ ስም «ቾቼንዮ» ተብሏል። ስም መመለስ ቤት መመለስ አይደለም፤ ቢሆንም «ድሮም» የሚለው ቃል ከዚያ መናፈሻ ወጥቷል።

በቦዩ ማዶ፣ በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና፣ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። እዚያ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የምናነሣው ስለ አዲስ አበባና ስለ አሥመራ ነው። ክፋት የለበትም፤ እኔም ከነዚያው አንዱ ነኝ። ነገር ግን ወዳጄን በ2020 ድምፅ ሰጥቶ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቻለሁ፤ ከታች ያለውን ረጅም ዝርዝር ግን አላነበብኩትም» አለኝ። እርሱ የኦክላንድ ነዋሪ ስለሆነ ስለ ሜዠር ዚ ድምፅ አይሰጥም፤ በገዛ ከተማው ግን ስለ ኪራይ፣ ስለ መሬት አጠቃቀም፣ ስለ ትምህርት ቤት የሚወሰነው በዚያ ባላነበበው ዝርዝር ላይ ነው። ኪራይ ሲጨምርና ሰፈሩ ሲለወጥ በየማኅበራዊ ስብሰባው የምናሰማው ምሬት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው።

ዜግነት ያገኘን ወገኖች ከአሁን በኋላ የምርጫ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ገጽ እናንብብ፤ ገና ያላገኘን ደግሞ በምክር ቤት ስብሰባ ለመናገር የሚያግደን የለም። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶቻችን የከተማውን ሕዝበ ውሳኔዎች በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳ አንድ ምሽት ከምርጫው በፊት ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወዳጄን በሚመጣው ምርጫ ዝርዝሩን ይዞ እንዲመጣ ቀጥሬዋለሁ፤ አብረን ልናነበው። እናንተስ?

ቸር ያሰንብተን።